በቪክቶሪያ የወርቅ ምድር ጓል ወርቅን በጠቋሚ መሣሪያ ስለ መፈለግ

ወርቅ በምድር ውስጥ በልዩ ልዩ መልክ ይገኛል። አንዳንዱ በድንጋይ ውስጥ ተበትኖ በዓይን የማይታይ ነው፤ አንዳንዱ በወንዝ አሸዋ ውስጥ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዳንዱ ግን በእሳት ሳይቀልጥና በሰው እጅ ሳይነጠር በተፈጥሮው ተጋግሮ፥ ከጤፍ ፍሬ ጀምሮ እስከ ድንች፥ አልፎ አልፎም ከዚያ እጅግ በሚበልጥ መጠን ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጓል ወርቅ የተባለው ይህ የመጨረሻው ነው። የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጓል ወርቅን በኤሌክትሪክ ጠቋሚ መሣሪያ መፈለግ ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በብዙ አገር የተስፋፋ ሥራ ነው። ሥራውን ከሩቅ የሚያይ ሰው፥ ወርቁን የሚያገኘው መሣሪያው እንደ ሆነ፥ ሰውየውም መሣሪያውን ተሸክሞ ከመዞር በቀር ሌላ ድርሻ እንደሌለው ሊመስለው ይችላል። ዳሩ ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። መሣሪያው የሚያስታውቀው ከመሬቱ ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ብረታ ብረት መኖሩን ብቻ ነው። የትኛው መሬት ይፈለግ፥ የትኛው ድምፅ ይቈፈር፥ የተገኘውስ ለማን ይሁን የሚሉትን ጥያቄዎች የሚመልሰው የፈላጊዎቹ ዕውቀትና ልማድ፥ እንዲሁም የአገሩ ሕግ ነው። ከዚህ የተነሣ ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን የሰውን ኑሮና ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንትም ጉዳይ ነው።

ይህን ለማስረዳት በአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር ተመርጣለች። በዚያ፥ ደኖሊ፥ ታርናጉላ፥ ዌደርበርንና ሞሊያጉል በሚባሉት ትናንሽ ከተሞች አካባቢ ያለው ደረቅ ጫካ በጓል ወርቅ ብዛት በዓለም የታወቀ ነው። መሣሪያው ከመምጣቱ በፊት ምድሩ ከመቶ ዓመት በላይ ተቈፍሯል፤ ስለዚህም አዲሱ መሣሪያ በአሮጌው ሥራ ላይ እንዴት እንደ ተደረበ ከሌላ ቦታ ሁሉ ይልቅ በግልጥ ይታያል።

፩. ምድሩና ወርቁ

የቪክቶሪያ የወርቅ ምድር መሠረቱ በጥንታዊ ባሕር ወለል ላይ የተከመረ ጭቃና አሸዋ ነው። ይህ ክምር ከጊዜ ብዛት ወደ ድንጋይነት ተለውጦ፥ በምድር ግፊት ተጣጥፎ ተሰነጣጠቀ። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከጥልቁ የወጣ የጋለ ውሃ በስንጥቆቹ ውስጥ እያለፈ፥ ኳርትዝ የሚባለውን ነጭ ድንጋይና ከእርሱም ጋር ወርቁን አስቀመጠ። ወርቁ በኳርትዙ ውስጥ በአንድ ቦታ ተከማችቶ ትልቅ ጓል የሚሆንበትን ምክንያት ሊቃውንት ለረዥም ጊዜ ሲከራከሩበት ቈይተዋል። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት፥ ኳርትዝ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲጨመቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያመነጭ፥ በውሃው ውስጥ የሟሟው ወርቅ ቀድሞ በተቀመጠው ወርቅ ላይ እየተለጠፈ ሊያድግ እንደሚችል በሙከራ አሳይተዋል።

ከዚህ በኋላ ዝናብና ነፋስ ድንጋዩን ሲሸረሽሩት ወርቁ ነፃ ወጣ። ወርቅ ከእኩል መጠን ውሃ 19 ጊዜ ያህል የሚከብድ ሲሆን፥ ኳርትዝ ግን ሦስት ጊዜ እንኳ አይከብድም። ስለዚህ ጎርፍ አሸዋውንና ጠጠሩን ወደ ሩቅ ሲወስድ ጓል ወርቁ ከተወለደበት ድንጋይ ብዙ ሳይርቅ በሸክላው ላይ ይቀራል። ይህ የክብደት ልዩነት የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። የድሮው አጣቢ በገበታው ውስጥ ወርቁን ከአሸዋ የሚለየው በዚሁ ነው፤ የዛሬውም ፈላጊ ከየትኛው ተዳፋት መጀመር እንዳለበት የሚያስበው በዚሁ ነው። የተገኘውም ጓል ራሱ ምስክር ይሆናል፤ ጠርዙ ሻካራ ሆኖ የኳርትዝ ቁራጭ ከያዘ ምንጩ ቅርብ ነው፤ ጠርዙ ከለሰለሰና ከደነበዘ ግን ብዙ ተንከባሎ የመጣ ነው።

፪. የመጀመሪያዎቹ ቈፋሪዎች የተዉት

ቪክቶሪያ በ1851 ከኒው ሳውዝ ዌልስ ተለይታ ራሷን የቻለች ግዛት ስትሆን፥ በዚያው ዓመት የወርቅ መገኘት ተሰማ። በዚያ ዓመት 77,000 ያህል የነበረው የሕዝቧ ቍጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 540,000 ከፍ አለ። የመጣው ሕዝብ በእንግሊዝ፥ በአየርላንድ፥ በጀርመን፥ በአሜሪካና በቻይና የተወለደ ነበር።

ሥራው የብዙ ሰው ሥራ ነበር። አንዱ ይቈፍራል፥ አንዱ አፈሩን ይሸከማል፥ አንዱ ውሃ ያመጣል፥ አንዱ እንደ ሕፃን አልጋ በሚወዛወዝ ሣጥን ውስጥ ያጥባል። አፈሩ የሚያጣብቅ ሸክላ ሲሆን ደግሞ፥ ፈረስ በክብ ቦይ ዙሪያ እየዞረ በሚጐትተው መቈስቈሻ ውሃና ሸክላው እስኪዋሐድ ድረስ ይቦካ ነበር። የእነዚህ ክብ ቦዮች ፍርስራሽ ዛሬም በጫካው ውስጥ ይታያል።

ትልልቅ ጓሎች የተገኙት በዚህ ዘመን ነው። በ1858 በባላራት ከተማ 69 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጓል በ55 ሜትር ጥልቀት ተገኘ። በ1869 ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል የመጡት ጆን ዲሰንና ሪቻርድ ኦትስ በሞሊያጉል አጠገብ በአንድ ዛፍ ሥር ከ70 ኪሎ ግራም በላይ የሆነውን ጓል አገኙ፤ ይህ በዓለም ከታወቁት ጓሎች ሁሉ የሚበልጠው ነው። የነበረበት ጥልቀት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በደኖሊ የነበረው ሚዛን ሊችለው ስላልቻለ በብረት መቀጥቀጫ ላይ ተሰባብሮ ተመዘነ። ከሁለቱ ጓሎች አንዱ በጥልቅ ጉድጓድ፥ ሌላው በሣር ሥር መገኘቱ ለኋለኞቹ ፈላጊዎች ትልቅ ትምህርት ሆኗል፤ ወርቅ በጥልቁ ብቻ ሳይሆን ሰው ሁሉ በረገጠው መሬት ላይም ሊቀር እንደሚችል አሳይቷልና።

ሊቀር የቻለበትም ምክንያት ግልጥ ነው። በብዙ ቦታ ውሃ አልነበረም፤ ውሃ ከሌለ ማጠብ የለም። ደግሞም አዲስ የወርቅ ወሬ በተሰማ ቍጥር ሕዝቡ የጀመረውን ትቶ ይነጕድ ነበር። ሸክላ የለበሰ ጓልም በአካፋ ተነሥቶ ከአፈሩ ጋር ወደ ቍልሉ ተጣለ። ቻይናውያን ቈፋሪዎች ሌሎች የተዉትን ምድር እንደ ገና በማጠብ የታወቁ ነበሩ፤ ነገር ግን በትዕግሥታቸው ከተጠቀሙት ይልቅ የደረሰባቸው በደል ይበዛል። በ1855 የወጣው ሕግ በመርከብ ወደ ቪክቶሪያ በሚገባ በእያንዳንዱ ቻይናዊ ላይ አሥር ፓውንድ ስለ ጣለ፥ ብዙዎች በጎረቤት ግዛት በሮብ ወደብ ወርደው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው እየሄዱ ወደ ወርቁ ምድር ይገቡ ነበር። እነርሱም ቢሆኑ ሁሉን አልጨረሱትም። የዛሬው መሣሪያ የሚያገኘው ወርቅ በአብዛኛው የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ትርፍራፊ ነው።

፫. መሣሪያው ወርቅን እንዴት እንደሚሰማ

ብረታ ብረትን በኤሌክትሪክ የመፈለግ አሳብ ከወርቅ ፈላጊዎች የመጣ አይደለም። በ1881 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት በቈሰሉ ጊዜ፥ የስልክ ፈልሳፊ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በሰውነታቸው ውስጥ የቀረውን ጥይት በጥቅል ሽቦ ሊፈልግ ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖላንዳዊው መኰንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ ወታደር በእጁ ይዞት የሚሄድ የፈንጂ ጠቋሚ ሠራ፤ ይህም በ1942 በኤል አላሜይን ጦር ሜዳ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ የወጡት ጠቋሚዎች ለወርቅ ፈላጊ የማይመች ጕድለት ነበረባቸው፤ ይኸውም ወርቅ ያለበት ምድር ብዙ ጊዜ ብረት አዘል ቀይ አፈር ስለሆነ አፈሩ ራሱ ያስጮኻቸው ነበር።

በ1970ዎቹ ዓመታት የአፈሩን ድምፅ የሚያስታግሡ መሣሪያዎች ወጡ። በጥር 1980 የወርቅ ዋጋ በአንድ ጊዜ እጅግ ከፍ ስላለ፥ በቪክቶሪያ ጫካ ውስጥ ጠቋሚ የያዘ ሰው በዛ። በዚያው ዓመት በኪንገወር መንደር አጠገብ በጠቋሚ መሣሪያ 27 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጓል ተገኘ፤ የነበረበት ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። «የእምነት እጅ» የሚል ስም ተሰጥቶት በላስ ቬጋስ ከተማ ላለ የቁማር ቤት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በጠቋሚ መሣሪያ ከተገኙት ጓሎች ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1995 ነው። በ1985 በደቡብ አውስትራሊያ የተቋቋመው ማይንላብ የተባለው ድርጅት፥ ብሩስ ካንዲ በተባለው መሐንዲስ ጥበብ፥ በአዲስ መንገድ የሚሠራ የወርቅ ጠቋሚ አወጣ። አሠራሩ በደወል ምሳሌ ሊገለጥ ይችላል። ደወል ሲመታ ድምፁ ወዲያው አይቋረጥም፤ እየቀነሰ ሄዶ ይጠፋል። የደወሉ ትልቅነትና የብረቱ ዓይነት ድምፁ የሚቈይበትን ጊዜ ይወስናሉ። መሣሪያውም እንደዚሁ በዘንጉ ጫፍ ባለው ጥቅል ሽቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይልክና በድንገት ያቋርጠዋል፤ ይህንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ይደጋግማል። ጅረቱ በተቋረጠ ጊዜ በአጠገቡ ባለው ብረታ ብረት ውስጥ ትናንሽ የጅረት አዙሪቶች ይነሣሉ። እነርሱም እየደከሙ እስኪጠፉ ድረስ ሽቦው ያዳምጣቸዋል። የትንሽ ጓል አዙሪት በሚሊዮንኛ የሰከንድ ክፍልፋዮች ውስጥ ይሞታል፤ የትልቅ ጓል ይቈያል። ብረት አዘሉ አፈርም የራሱ የሆነ አደካከም አለው፤ መሣሪያው ይህን አስቀድሞ ለይቶ ከሚሰማው ላይ ይቀንሰዋል። የሚተርፈውን ልዩነት ወደ ድምፅ ለውጦ ለጆሮ ይሰጣል።

ስለዚህ መሣሪያው ወርቅን በስሙ አያውቀውም። ለእርሱ የእርሳስ ጥይትና የወርቅ ጓል እጅግ ይቀራረባሉ። ደግሞም የሚደርስበት ጥልቀት ጥቂት ነው፤ አንድ ግራም የሚመዝን ጓል የሚሰማው ከአንድ ክንድ ባነሰ ጥልቀት ሲሆን ነው፤ ከዚያ የጠለቀውን መስማት የሚችለው ጓሉ ትልቅ ከሆነ ብቻ ነው። በባላራት በ55 ሜትር ላይ የነበረውን ጓል ምንም ዓይነት የእጅ ጠቋሚ ሊያገኘው አይችልም ነበር።

፬. አካሄዱና አቈፋፈሩ

ልምድ ያለው ፈላጊ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ምድሩን ያነባል። የሚፈልገውም በመጀመሪያ የቀደሙትን ሰዎች ምልክት ነው። ጥልቅ ያልሆኑ ጉድጓዶች ተቀራርበው የተገኙበት ቦታ ወርቁ ለገጹ ቅርብ እንደ ነበረ ያስረዳል፤ ያን ያህል ሰው በባዶ ምድር ላይ አይደክምምና። ከጉድጓዶቹ ዳር ያለው ቍልል፥ ፈረስ የዞረበት ክብ ቦይ፥ ሥራው በድንገት የቆመበት የተዳፋት ጫፍ፥ እነዚህ ሁሉ ይመረመራሉ። ቀጥሎ የተፈጥሮ ምልክት ይታያል፤ የኳርትዝ ስብርባሪ መኖሩ፥ የአፈሩ ቀለም መለወጡ፥ ሸክላው ለገጹ መቅረቡ ይታያል። በአንድ ቃል፥ የዛሬው ፈላጊ ከመሣሪያው አስቀድሞ የድሮውን ቈፋሪ አሳብ ለመረዳት ይጥራል።

ከዚህ በኋላ መሣሪያው ከምድሩ ጋር ይስማማል። ፈላጊው ክቡን ጥቅል ሽቦ ወደ መሬት ዝቅና ከፍ እያደረገ ድምፁ ሳይለወጥ እስኪረጋ ድረስ ያስተካክለዋል። ሲራመድም ሽቦውን ከመሬቱ ሳያርቅ፥ ጫፎቹንም ወደ ላይ ሳያነሣ፥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ አንዱ ውዝወዛ የፊተኛውን በከፊል መደረብ አለበት። ወርቅ በተገኘበት ቦታ ላይ ሰንሰለት እየጐተተ ወይም መስመር እየጫረ፥ እንደሚታረስ ማሳ ትልም በትልም ይፈልጋል። በአንድ ቀን የሚሸፈነው መሬት ትንሽ ነው። የሚፈጥን ሰው ብዙ ቦታ ያያል፤ ጥቂት ይሰማል።

በማዳመጫው ውስጥ ሁልጊዜ ዝቅ ያለ እንጕርጕሮ ይሰማል። ፈላጊው የሚጠብቀው ጩኸትን ሳይሆን የዚህን እንጕርጕሮ መሰበር ነው። በጥልቀት ያለ ጓል ድምፁ ደካማና ሰፊ ሲሆን፥ ለገጹ የቀረበ ቍራጭ ስለታም ድምፅ ይሰጣል። ብረት አዘል ድንጋይም ሊያታልል ይችላል። በመሠረቱ ከሚቈፈሩት ድምፆች መካከል አብዛኞቹ የጥይት፥ የጫማ ምስማርና የቆርቆሮ ቍራጭ ናቸው። ሆኖም የጫማ ምስማር እንኳ ዋጋ ቢስ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ሰው በዚያ ቦታ ተንበርክኮ እንደ ሠራ ይመሰክራል።

አቈፋፈሩም ሥርዓት አለው። ትንሽ ዶማ ከራሱ ላይ ማግኔት ተያይዞበት ገጹን ይጭራል፤ ምስማር ቢኖር ከማግኔቱ ላይ ይለጠፋል። ድምፁ ከቀጠለ ፈላጊው ጥቂት ቈፍሮ እንደ ገና ያዳምጣል። ድምፁ ከጉድጓዱ ወጥቶ ወደ ቍልሉ ከተዛወረ፥ አፈሩን በፕላስቲክ መጭለፊያ ያነሣና በሽቦው ላይ ያሳልፈዋል። ድምፅ ካለ ግማሹን አፈር ያፈስሳል፤ የቀረውንም እንደ ገና ይሞክራል። ይህን እየከፈለ ሲቀጥል በመጨረሻ በእጁ መዳፍ ላይ ጥቂት አፈርና አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ቀለሙ በሸክላ ቢሸፈንም እንኳ ክብደቱ ከመጠኑ በላይ ከሆነ ልብ ይሰጠዋል። ጓሎች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ስለማይገኙ፥ አንድ ያገኘ ሰው ዙሪያውን በትዕግሥት ሳይፈትሽ አይሄድም።

፭. ምሥጢርና ጨዋነት

በዚህ ላይ ከአሮጌው ሥራ የተለየው ዋና ነገር ይታያል። የድሮው ሥራ በአደባባይ ነበር። ማን የት እንደ ቈፈረ፥ ውሃው ከየት እንደ ተቀዳ፥ አጣቢውም ምን ያህል እንዳገኘ ለጎረቤት ሊሰወር የሚችል አልነበረም። ድርሻውም በአንድነት ከሠሩት መካከል ይከፈል ነበር። ጠቋሚው ግን ሥራውን ከብዙ እጅ ወደ አንድ ጆሮ አዛወረው። ማዳመጫው ድምፁን ለባለቤቱ ብቻ ይሰጣል፤ ሁለት ሜትር ርቆ የቆመ ሰው እንኳ የተሰማውን አያውቅም።

ስለዚህ የፈላጊዎቹ ልማድ በዝምታ ዙሪያ ተሠርቷል። አንድ ፈላጊ ሌላውን ያገኘበትን ስፍራ መጠየቅ ነውር ነው። የተገኘው ጓል ክብደት እስከ ግራም ክፍልፋይ ድረስ ሲነገር፥ ቦታው ግን «ከደኖሊ ወዲያ» ከማለት አያልፍም፤ ፎቶግራፍ ቢነሣም ጓሉ በመዳፍ ላይ እንጂ ዛፉና ኮረብታው እንዳይታይ ይደረጋል። በአንድ ሸለቆ ሌላ ሰው ቀድሞ ከተገኘ ርቆ መሄድ ይገባል፤ ለዚህም ከጨዋነት ሌላ ምክንያት አለው፤ ሁለት መሣሪያዎች ሲቀራረቡ አንዱ የሌላውን ድምፅ ያበላሻል። ጉድጓድን ሳይደፍኑ መሄድም የሚያስነውር ነው።

ይሁን እንጂ ዝምታው ወንድማማችነትን አላጠፋም። ምሥጢር የሚባለው ቦታው እንጂ ጥበቡ አይደለም። መሣሪያውን ከአፈር ጋር ማስማማትን፥ ደካማ ድምፅን መለየትን፥ የድሮ ጉድጓዶችን ማንበብን አሮጌው ፈላጊ ለአዲሱ በደስታ ያስተምራል። በ1980 የተቋቋመ የፈላጊዎችና የማዕድን አውጪዎች ማኅበርም በቪክቶሪያ አለ፤ ለመብታቸው በአንድነት ይከራከራል። ብቻውን የሚሠራ ሰው መብቱን ብቻውን ሊያስከብር አይችልምና።

፮. ምድሩ የማን ነው

የቪክቶሪያ ቈፋሪዎች ሕግ በደም የተገዛ ነው። በመጀመሪያ መንግሥት ወርቅ ቢገኝም ባይገኝም እያንዳንዱን ቈፋሪ በወር 30 ሽልንግ ያስከፍለው ነበር። በባላራት የተነሣው ቍጣ በታኅሣሥ 3 ቀን 1854 በዩሬካ ምሽግ ወደ ውጊያ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ወርኃዊው ክፍያ ቀርቶ በዓመት አንድ ፓውንድ የሚከፈልበት የቈፋሪ መብት የሚባል ወረቀት ተተካ፤ ከዚህም ጋር ቈፋሪው የመምረጥ መብት አገኘ። የዚህ ወረቀት ስም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ዛሬ ወረቀቱን የያዘ ሰው በተፈቀደው የመንግሥት መሬት ላይ በእጅ መሣሪያ ብቻ ሊፈልግ ይችላል፤ ያገኘው ወርቅም የራሱ ነው። በግል መሬት ላይ የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ፥ የቈፈረውንም መልሶ መድፈን ይገባዋል።

ነገር ግን ከቈፋሪዎቹም ከመንግሥቱም በፊት ምድሩ ባለቤት ነበረው። የመካከለኛው ቪክቶሪያ የወርቅ ምድር ትልቅ ክፍል የጃ ጃ ዉሩንግ ሕዝብ አገር ነው። በጎቻቸውን እየነዱ የገቡት አውሮፓውያን በ1830ዎቹ መጨረሻ የግጦሹንና የውሃውን ቦታ ያዙባቸው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወርቁ ጐርፍ መጣ። ከሕዝቡ ወገን አንዳንዶች መንገድ መሪዎች፥ አንዳንዶችም ራሳቸው ወርቅ ፈላጊዎች ሆነው ኖረዋል። ዛሬ ይህ ሕዝብ በወርቅ ቈፋሪዎች የተገለበጠውን ምድሩን «የተገለበጠ አገር» ብሎ ይጠራዋል፤ ላዩ አፈር ከታች፥ የታቹ ሸክላ ከላይ ሆኗልና። በ2013 ከቪክቶሪያ መንግሥት ጋር ባደረገው ስምምነት የምድሩ ነባር ባለቤትነቱ ታውቆለታል። በ2006 የወጣውም ሕግ የነባሮቹን ሕዝቦች ቅርስ ይጠብቃል፤ ፈላጊው በእነዚህ ስፍራዎች እንዳይቈፍር ይከለክለዋል።

በዚህ ሁኔታ አንድ መሬት ሦስት ዓይነት ንባብ አለው። ለፈላጊው የድሮ ጉድጓድ የወርቅ ምልክት ነው፤ ለታሪክ ሊቅ የ1850ዎቹ ሥራ መዝገብ ነው፤ ለጃ ጃ ዉሩንግ ሰው የቍስል ጠባሳ ነው። መሣሪያው ከሦስቱ አንዱንም አይሰማም።

፯. በአፍሪካ ስለ ታየው

ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በቪክቶሪያ ብቻ አልቀረም፤ ወደ ሱዳን፥ ወደ ሞሪታንያና ወደ ሌሎችም የአፍሪካ በረሃዎች ገብቷል። በሞሪታንያ በ2016 ብዙ ሺህ ሰው ጠቋሚ እየገዛ ወደ በረሃ ነጐደ፤ መንግሥትም በፈቃድ ወረቀት ሊመራው ሞከረ። በእነዚህ አገሮች ጠቋሚው ለድኻ ሰው የእንጀራ በር መክፈቱ አይካድም፤ ውሃ በሌለበት በረሃ ገበታ አይሠራም፤ ጠቋሚ ግን ይሠራል።

ዳሩ ግን ከኢትዮጵያ በማይርቅ ስፍራ የደረሰ አንድ ነገር የመሣሪያውን ወሰን ያሳያል። ከካርቱም በስተ ሰሜን 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በባዩዳ በረሃ የሚገኘው ጀበል ማራጋ ከሜሮኤ መንግሥት ዘመን የቀረ፥ የሁለት ሺህ ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ስፍራ ነበር። በ2020 የቅርስ ባለሥልጣኖች ወደ ቦታው በደረሱ ጊዜ ወርቅ ፈላጊዎች በትልልቅ የመቈፈሪያ መኪና 17 ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቈፍረው ስፍራውን አጥፍተውት አገኙ። የአርኬዎሎጂ ሊቃውንት እንዳስረዱት፥ በዚያ ያለው ድንጋይ ብረታ ብረት የሚመስል ማዕድን ስላለበት ጠቋሚውን አስጮኸው፤ ፈላጊዎቹም ወርቅ መሰላቸው። መሣሪያው የተሠራበትን ሥራ ሠርቷል፤ የጐደለው ድምፁን የሚተረጕም ዕውቀትና ቈፋሪውን የሚያቆም ሕግ ነው።

በኢትዮጵያ የጓል ወርቅ ታሪክ ጥንታዊ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም ግዛት የመጣው ነጋዴ ኮስማስ እንደ ጻፈው፥ የአክሱም ንጉሥ በአገው አገረ ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል አገር ነጋዴዎችን ይልክ ነበር። ነጋዴዎቹ የከብት ሥጋ፥ ጨውና ብረት አስቀምጠው ፈቀቅ ይላሉ። የአገሩ ሰዎች መጥተው የግብጦ ፍሬ የሚመስል ጓል ወርቅ በወደዱት ዕቃ ላይ ያኖራሉ። የዕቃው ባለቤት ከተስማማ ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማ ይተወዋል፤ እነርሱም ይጨምራሉ ወይም ወርቃቸውን ይወስዳሉ። ቃል ሳይለዋወጡ፥ እየተፈራሩም ቢሆን፥ ሁለቱ ወገኖች በሥርዓት ይገበያዩ ነበር። ኮስማስ የተረከው ይህ ንግድ፥ ወርቅ በዝምታ ውስጥ እንኳ ደንብ ሳይኖረው በሰላም እንደማይዛወር ያስረዳል።

ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ በወለጋና በቤኒሻንጉል፥ በደቡቡም በአዶላ አካባቢ፥ ወርቅ በገበታ የማጠብ ሥራ ኖሯል። ወንዱ ሲቈፍር ሴቷ የምታጥብበት፥ ቤተ ሰብና ማኅበር በአንድነት የሚሠሩበት ሥራ ነው። በ1995 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝቦች ንብረት ያደርጋቸዋል። ስለዚህ በኢትዮጵያ አንድ ጠቋሚ ያገኘው ጓል ለማን እንደሚሆን የሚወስነው የቪክቶሪያው ዓይነት ልማድ ሳይሆን፥ ይህ ሕግና የየአካባቢው የማኅበር ሥርዓት ናቸው።

ከዚህ በላይ ከተገለጠው ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፥ ጠቋሚ መሣሪያ አሮጌውን ዕውቀት አይተካም፤ በእርሱ ላይ ይቆማል። የቪክቶሪያው ፈላጊ ያለ ድሮው ቈፋሪ ጉድጓድ ዕውር ነው፤ የባዩዳውም ቈፋሪ ያለ ዕውቀት በድምፅ ብቻ ስለ ተመራ ጠፋ፤ አጠፋም። ሁለተኛው፥ መሣሪያው የሥራውን ኅብረት ይፈታል፤ የተፈታውን ኅብረት የሚተካ ደንብ ከሌለ ጠብን ይወልዳል። በቪክቶሪያ ደንቡ የተገኘው በ1854 ከፈሰሰው ደም በኋላ ነው፤ የነባሮቹም ሕዝቦች ድርሻ የታወቀው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ነው።

ስለዚህ በወርቅ ምድር የሚያጠና ተማሪ የመሣሪያውን ዋጋና የወርቁን ሚዛን ከመመዝገብ በፊት ሌላ ሥራ አለው። አጣቢዎች ወርቅ ያለበትንና የሌለበትን አፈር የሚለዩበትን ስም፥ የሸክላውንና የጠጠሩን ዓይነት የሚጠሩበትን ቃል፥ በመካከላቸው ድርሻ የሚከፍሉበትን ልማድ፥ የማይቈፈረውን ስፍራና የማይቈፈርበትን ምክንያት በየቋንቋው ይጻፍ። ይህ ዕውቀት የሚተላለፈው ብዙ እጅ በአንድ ወንዝ ዳር ሲሠራ ነው። ሥራው ወደ አንድ ጆሮ በተዛወረ ጊዜ የሚያስተምረውና የሚሰማው ይለያያሉ፤ ወርቁ ቢቀር በኋላ ሌላ ሰው ሊያገኘው ይችላል፤ ቃሉ ከጠፋ ግን የሚጠቍመው መሣሪያ የለም።